«እነሱ» የሚወዱት ቢራ

ማርች 2014። የብሪታንያ የገንዘብ ሚኒስትር ጆርጅ ኦስቦርን የዓመቱን በጀት ለፓርላማ አቀረቡ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በበጀቱ ውስጥ ለተራው ሕዝብ የታሰቡ ሁለት ትናንሽ ስጦታዎች ነበሩ። በአንድ ፓይንት ቢራ ላይ የሚከፈለው ቀረጥ በ1 ፔኒ ቀነሰ። የቢንጎ አዳራሾች የሚከፍሉት ግብር ደግሞ ከ20 ከመቶ ወደ 10 ከመቶ ወረደ።

ወዲያው የወግ አጥባቂው ፓርቲ ሊቀመንበር ግራንት ሻፕስ በትዊተር ገጻቸው ላይ አንድ ፖስተር ለጠፉ። መልእክቱ ሲጠቃለል፣ የቢንጎና የቢራ ግብር የተቀነሰው ጠንክረው የሚሠሩ ሰዎች የሚወዷቸውን ነገሮች አብዝተው እንዲያደርጉ ለመርዳት ነው የሚል ነበር።

ሀገር በሳቅ ፈረሰ። በጥምር መንግሥቱ ውስጥ የኦስቦርን ምክትል የነበሩት የሊበራል ዴሞክራቱ ዳኒ አሌክሳንደር እንኳ፣ ፖስተሩን መጀመሪያ ሲያዩት ሰው ለፌዝ የሠራው መስሏቸው እንደነበር ተናገሩ።

ሰዉን ያናደደው ቢራው አልነበረም፤ ቢንጎውም አልነበረም። ያናደደችው አንዲት ተውላጠ ስም ናት፦ «እነሱ»። በአማርኛ ይህች ቃል በግሡ ውስጥ ተሸጉጣ ታልፋለች፤ በእንግሊዝኛው ግን ራሷን ችላ ትቆማለች። «የምንወዳቸው» አይልም። «የምትወዷቸው» እንኳ አይልም። «እነሱ የሚወዷቸው» ነው የሚለው። ጸሐፊው ከአጥሩ ወዲህ፣ ቢራ ጠጪው ከአጥሩ ወዲያ።

ስጦታውም ቢሆን ሒሳቡ ሲሠራ ያሳዝናል። በሳምንት 10 ፓይንት የሚጠጣ ሰው ከዚህ ቅናሽ በዓመት የሚተርፈው 5 ፓውንድ ከ20 ፔንስ ነው።

የአንድ ፖስተር ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ተስቆበት ባለፈ ነበር። ነገሩ ግን ሥር አለው። የብሪታንያ ፖለቲከኞች ድሃው ምን እንደሚበላና ምን እንደሚጠጣ በአእምሯቸው ተሸክመው የሚዞሩት ሥዕል አለ። ሥዕሉ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ አንድ ትውልድ ያረጀ ነው። ከዚያ ሥዕል ተነሥተው ሁለት ነገር ያደርጋሉ፤ አንዳንዴ ድሃውን መስለው ለመታየት ካሜራ ፊት ይበላሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ ድሃው እንዴት መብላት እንዳለበት ይሰብካሉ። የመጀመሪያው ያስቃል። የሁለተኛው ዋጋ ግን የሚከፈለው በሰው ሆድ ነው።

ሻይ የባለጸጋ፣ ኦይስተር የድሃ በነበረበት ዘመን

ዛሬ «የእንግሊዝ ሠራተኛ መጠጥ ምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ሰው ወተት የተጨመረበት ወፍራም ሻይ ይላል። ሻይ ግን እንግሊዝ ሲገባ የቤተ መንግሥት መጠጥ ነበር። በ1662 ንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊን ያገባችው ፖርቱጋላዊቷ ካትሪን ሻይ መጠጣትን በቤተ መንግሥቱ ፋሽን አደረገችው። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ከባድ ቀረጥ ተጥሎበት ቆየ። ተራው ሰው ያገኘው የነበረው አብዛኛውን ጊዜ በኮንትሮባንድ ነው። በ1784 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊልያም ፒት ቀረጡን ከ119 ከመቶ ወደ 12.5 ከመቶ ሲያወርደው ሻይ በሕጋዊ መንገድ ወደ ድሃው ጎጆ ገባ።

ድሃው ሻይ መጠጣት ሲጀምር ስብከቱም ጀመረ። ገና በ1750ዎቹ ጆናስ ሃንዌይ የተባለ ነጋዴና በጎ አድራጊ፣ ሻይ ሠራተኛውን ያሰንፋል፣ ሀገርንም ያዳክማል ብሎ ጽፎ ነበር። ዝነኛው የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሳሙኤል ጆንሰን፣ እሱ ራሱ የሻይ ሱሰኛ ስለነበር፣ በጽሑፍ ተሳለቀበት። በ1820ዎቹ ደግሞ ለድሃው ተቆርቋሪ በመሆን የሚታወቀው ዊልያም ኮቤት፣ የገጠር ሴቶች ሻይ ማፍላቱን ትተው እንደ ድሮው ቤታቸው ቢራ ቢጠምቁ ቤተሰቡ ይበረታል ብሎ መከረ። ልብ በሉ፤ በዚያ ዘመን ድሃውን ያበላሻል የተባለው ሻይ ነው፣ ያድነዋል የተባለው ቢራ።

ቢራ በዚያ ዘመን የጤናማ እንግሊዛዊ ምልክት ነበር። በ1751 ሠዓሊው ዊልያም ሆጋርዝ ሁለት ሥዕሎችን ጎን ለጎን አሳትሞ ነበር። በአንደኛው፣ በጂን መንገድ፣ ሰዎች በድህነትና በስካር ሲረግፉ ይታያሉ። በሌላው፣ በቢራ ጎዳና፣ ሁሉም ወፍራም፣ ደስተኛና ሥራ ወዳድ ነው። በዚያው ዓመት የጂን ሽያጭን የሚገድብ ሕግ ወጣ።

ምግቡም እንዲሁ ወንበር ይቀያየራል። ዛሬ በውድ ምግብ ቤት በበረዶ ላይ ተደርድሮ የሚቀርበው ኦይስተር፣ ከባሕር በዛጎሉ የሚወጣው ምግብ፣ በ1830ዎቹ ለንደን ውስጥ የድሃ ሰፈር የመንገድ ዳር መክሰስ ነበር። ቻርልስ ዲክንስ በመጀመሪያው ልቦለዱ ውስጥ ድህነትና ኦይስተር አብረው እንደሚሄዱ አንዱን ገጸ ባሕሪ አናግሮታል። በኋላ ኦይስተሩ ተለቅሞ ሊያልቅ ሲደርስ ዋጋው ናረ፤ ዋጋው ሲንር «ክቡር» ሆነ። እንግሊዛዊ ከሚባሉት ምግቦች ሁሉ እንግሊዛዊ ነው የሚባለው አሳ በድንች ጥብስ ደግሞ አሳው በዘይት የመጥበስ ልማድ ከፖርቱጋልና ከስፔን ከተሰደዱ አይሁዶች የመጣ ነው። በ1860ዎቹ በለንደንና በላንክሻየር ከድንች ጋር መሸጥ ከተጀመረ በኋላ የፋብሪካ ሠራተኛው እራት ሆነ።

እንግዲህ «የሠራተኛ ምግብ» ወይም «የጌታ መጠጥ» የሚባል ቋሚ ነገር የለም። ቀረጥ፣ ዋጋ፣ ባቡር፣ ስደት ይቀያይሩታል። ፖለቲከኛው ግን ልጅ ሆኖ ያየውን ወይም አባቱ የነገረውን ይዞ ይቆማል።

ሕግ አውጪው ያለ ፈቃድ የሚጠጣበት ቤት

ሥዕሉ ሕግ ሲሆን ምን እንደሚፈጠር አንደኛው የዓለም ጦርነት ያሳያል። በ1915 ለግንባሩ የሚላከው ጥይት አልበቃ አለ። ምክንያቱ ብዙ ነበር፤ ሎይድ ጆርጅ ግን ጣቱን በተለይ ወደ ሠራተኛው መለኪያ ቀሰረ። ብሪታንያ ከጀርመንና ከኦስትሪያ በተጨማሪ ከመጠጥ ጋር እየተዋጋች ነው፣ ከሦስቱም የከፋው ጠላት መጠጥ ነው ብሎ ተናገረ። ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛም ጦርነቱ እስኪያልቅ በቤተ መንግሥታቸው መጠጥ እንዳይቀርብ አዘዙ፤ የፓርላማ አባላቱ ግን አርአያነቱን ለመከተል ብዙም አልቸኮሉም።

ለተራው ሰው ግን ትእዛዝ ወጣ። የመጠጥ ቤቶች ሰዓት ተቆረጠ፣ ከሰዓት በኋላ እንዲዘጉ ተደረገ፣ በብዙ አካባቢ ጓደኛን መጋበዝ ጭምር ተከለከለ። ጦርነቱ በ1918 አበቃ። በእንግሊዝና በዌልስ የከሰዓቱ መዘጋት ግን እስከ 1988 ቆየ። ለጥይት ፋብሪካ ሠራተኛ የወጣው ገደብ ፋብሪካውም ሠራተኛውም ካለፉ በኋላ 70 ዓመት ኖረ።

በዚህ መሐል አንድ አስቂኝ ክስ ነበር። በ1930ዎቹ አጋማሽ ኤ.ፒ. ኸርበርት የተባለ ጸሐፊ፣ የፓርላማው መጠጥ ቤት ያለ ፈቃድ መጠጥ ይሸጣል ብሎ ሕግ ፊት አቀረበው። ፍርድ ቤቱ ነገሩ የፓርላማው የውስጥ ጉዳይ ስለሆነ አልገባበትም አለ። የሕዝቡን የመጠጥ ሰዓት በደቂቃ የሚቆጥሩት ሰዎች እነሱ ለሚጠጡበት ቤት ፈቃድም ሰዓትም አያስፈልገውም ነበር ማለት ነው።

የላምቤዝ እናት ድስት

የዚህ ታሪክ እምብርት ግን ቢራ አይደለም፤ የአጃ ገንፎ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ብዙ የተማሩ እንግሊዛውያን ድሃው የሚቸገረው ገንዘቡን ስለሚያባክን ነው ብለው ያምኑ ነበር። በ1901 የቸኮሌት ፋብሪካ ባለቤት ልጅ የሆነው ሲቦም ራውንትሪ የዮርክ ከተማን ቤት ለቤት አስጠንቶ መጽሐፍ አሳተመ። ከከተማው ሕዝብ 28 ከመቶ ገደማው ድሃ ሆኖ ተገኘ። ዋናው ግኝት ግን ሌላ ነው። ራውንትሪ አንድ ቤተሰብ በሕይወት ለመቆየት የሚያስፈልገውን አነስተኛ ወጪ አስልቶ ነበር፤ ለቢራ ምንም፣ ለትንባሆ ምንም፣ ለጋዜጣ ምንም ሳይያዝ። ከከተማው ሕዝብ 10 ከመቶ ገደማው አንዲት ሳንቲም ሳያባክን እንኳ ያን አነስተኛ ወጪ ሊሸፍን አይችልም ነበር። የቀን ሠራተኛው ደመወዝ ራሱ ለመኖር አይበቃም።

ከዚያ በ1913 ሞድ ፔምበር ሪቭስ ከፌቢያን ሴቶች ቡድን ጋር ሆና በለንደን ላምቤዝ ሰፈር የተካሄደውን ጥናት አሳተመች። የተጠኑት ሰካራሞች ወይም ሥራ አጦች አልነበሩም። በሳምንት አንድ ፓውንድ ገደማ የሚያገኙ፣ ሥራ ያላቸው፣ ጨዋ ቤተሰቦች ናቸው። እናቶቹ እያንዳንዷን ሳንቲም የት እንዳዋሏት እንዲመዘግቡ ተደረገ።

ጠያቂዎቹ ሴቶች መጀመሪያ እነሱም የራሳቸው ምክር ነበራቸው፦ ለምን ልጆቹን የአጃ ገንፎ አታበሉም? ርካሽ ነው፣ ያጠግባል፣ ገንቢ ነው። እናቶቹ የሰጡት መልስ ከየትኛውም የኢኮኖሚክስ ትምህርት ይበልጣል። ገንፎ ረጅም ጊዜ እሳት ላይ መቆየት አለበት፤ ጋዙ ደግሞ የሚለቀቀው ሳንቲም ሲከተት ነው። ገንፎ ካልተማሰለ ያርራል፤ እናትየው ደግሞ ሕፃን ታቅፋ ሌሎቹን ለትምህርት ቤት እያለባበሰች ነው። ያለው ድስት አንድ ነው፤ ትናንት አሳ ወይም ሽንኩርት የተቀቀለበት፣ የተሰነጠቀ፣ ያረጀ። ገንፎው ጠረኑን ይይዛል። ወተትና ስኳር ከሌለው ደግሞ ልጆቹ አይበሉትም፤ ባልም ይገፋዋል። ዳቦ ግን ምንም አይጠይቅም። ሳህን አይፈልግም፣ እሳት አይፈልግም፣ ልጅ እጅ ላይ ሲሰጡት ይበላል።

የገንፎው ወጪ አጃው ብቻ አልነበረም። ጋዙ፣ ድስቱ፣ ጊዜው፣ ወተቱም ወጪ ነበሩ። ይህን የማያይ ሰው አጃውን ብቻ ቆጥሮ «ርካሽ ነው» ይላል።

የጦርነቱ ማዕድ

«ድሃው ጥሩ ምግብ አያውቅም» የሚለውን ክርክር ታሪክ ራሱ የፈተነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ከጦርነቱ በፊት፣ በ1936፣ ጆን ቦይድ ኦር የተባለው የሥነ ምግብ ሊቅ ገቢና ምግብን አያይዞ ባሳተመው ጥናት፣ የሀገሪቱ ግማሽ ያህል ሕዝብ ለሙሉ ጤና የሚበቃ ምግብ እንደማያገኝ፣ ገቢ ከፍ ባለ ቁጥርም ምግቡ እየተሻሻለ እንደሚሄድ አሳይቶ ነበር።

በጃንዋሪ 1940 ምግብ በኩፖን መታደል ጀመረ። ስኳሩ፣ ቅቤው፣ ሥጋው ለሁሉም በልክ ሆነ። ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት ወተት በርካሽ ወይም በነፃ ቀረበ። በ1943 ከ2 ሺህ በላይ የሕዝብ ምግብ ቤቶች ተከፍተው ትኩስ ምሳ በርካሽ ይሸጡ ነበር። «የማኅበረሰብ መመገቢያ ጣቢያ» የሚለው ስም ለቸርችል ስላልጣማቸው «የብሪታንያ ምግብ ቤት» አሰኟቸው። ፍጹም እኩልነት ነበር ማለት አይደለም፤ ሀብታም ሰው ከኩፖኑ ውጪ ሆቴል ገብቶ መብላት ይችል ነበር፤ ይህ ሕዝቡን ስላስቆጣ በ1942 የሆቴል ምግብ ዋጋ ከ5 ሺልንግ እንዳይበልጥ ተወሰነ።

ውጤቱስ? ቦምብ እየወረደ፣ መርከብ እየሰጠመ፣ የሕፃናት ሞት በጦርነቱ መጨረሻ ከጦርነቱ በፊት ከነበረው ያነሰ ሆነ። እናቶቹ በጦርነቱ ዓመታት ውስጥ አዲስ እውቀት አልወረደላቸውም። የተለወጠው ሥራው፣ ደመወዙና አቅርቦቱ ነው።

ካሜራ ፊት መብላት

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ቴሌቪዥን መጣ፤ ድሃን መስሎ መብላትም ከዚያ ወዲህ ጥበብ ሆነ። የሌበሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን በአደባባይ ፒፓቸውን አይለዩም ነበር፤ ቤታቸው ሲገቡ ሲጋርና ብራንዲ ይመርጡ እንደነበር ይነገራል። የኦክስፎርድ መምህር የነበሩት ሰው ፒፓዋን የተራ ሰው መታወቂያ አደረጓት።

በ2000 የወግ አጥባቂው መሪ ዊልያም ሄግ ወጣት ሳሉ በአባታቸው የለስላሳ መጠጥ መኪና እያደረሱ ሲሠሩ በቀን እስከ 14 ፓይንት ቢራ ይጠጡ እንደነበር ለአንድ መጽሔት ተናገሩ። 8 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ሄግን ከቢራ ቤት ሰው ጋር ለማቀራረብ የታሰበው ወሬ ቢራ ቤት ውስጥ መሳቂያ ሆነ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የ2012ቱ የፓስቲ ጉድ ነው። የኮርንዋል ፓስቲ አዲስ አበባ በዘይት ከሚጠበሰው ፓስቲ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው። ሥጋ፣ ድንችና ሽንኩርት በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገር፣ የማዕድን ቆፋሪዎች ምሳ የነበረ ምግብ ነው። ኦስቦርን በዚያ ዓመት በጀት በትኩሱ የሚሸጥ እንዲህ ያለ ምግብ ላይ 20 ከመቶ ቫት እንዲከፈል አሰቡ። በዚያው በጀት የከፍተኛ ገቢ ባለቤቶች የገቢ ግብር ከ50 ከመቶ ወደ 45 ከመቶ እንዲወርድ ተወሰነ።

የፓርላማ ኮሚቴ ፊት ሲቀርቡ የሌበሩ ጆን ማን ጠየቋቸው፦ ግሬግስ ዳቦ ቤት ገብተው ፓስቲ የገዙት መቼ ነው? አላስታውስም አሉ። በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ነገሩን ሊያድኑ ብለው እሳቸው ፓስቲ እንደሚወዱ፣ ሊድስ ባቡር ጣቢያ ገዝተው እንደበሉ ተናገሩ። የጠቀሱት ሱቅ ግን በ2007 ተዘግቶ ነበር። የሌበር መሪዎች ደግሞ ጋዜጠኛ አስከትለው ግሬግስ ገብተው በሊጥ የተጠቀለለ ቋሊማ ገዙ። በሜይ ወር መንግሥት ሐሳቡን አለዘበው።

ሕዝቡ ሳቀ፤ ግን በሳቁ መሐል አንድ ነገር ጠፋ። ጥያቄው «ፓስቲ የበላኸው መቼ ነው?» ሆነና «የሠራተኛው ምሳ ሲወደድ የባለጸጋው ግብር ለምን ይቀንሳል?» የሚለው ወደ ጓዳ ገባ። የምግብ ፖለቲካ ጉዳቱ ይኸው ነው። ማን እውነተኛ ሰው እንደሆነ በአበላሉ ይለካል እንጂ ማን ምን እንዳደረገ አይጠየቅም።

ከዚያ ወዲህ ፖለቲከኞቹ ምግብን እንደ ፈንጂ መፍራት ጀመሩ። በ2014 የሌበሩ ኤድ ሚሊባንድ የቤከን ሳንድዊች ሲበሉ አፋቸው ተጣሞ የተነሡት ፎቶ በ2015ቱ ምርጫ ዋዜማ የአንድ ትልቅ ጋዜጣ የፊት ገጽ ሆነ። በዚያው የምርጫ ዘመቻ ካሜሮን ሆት ዶግ በቢላና በሹካ ሲበሉ ታዩ። ናይጄል ፋራጅ ደግሞ ፓይንት ቢራ ጨብጠው ፎቶ መነሣትን መለያቸው አደረጉት፤ በውድ የግል ትምህርት ቤት የተማሩና በለንደን የንግድ ማዕከል ደላላ የነበሩ መሆናቸውን ብርጭቆዋ ትሸፍናለች።

ሐሰት የሆነ ታሪክ እንኳ ሥዕሉ ከተመቸው አይሞትም። የሌበሩ ፒተር ማንደልሰን በሃርትልፑል አሳ ጥብስ ቤት ገብተው፣ የላመውን አረንጓዴ አተር አይተው፣ ከዚያች የአቮካዶ ማባያ ስጡኝ አሉ ይባላል። አላሉም። ታሪኩ ግን እስከዛሬ ይነገራል፤ ለንደኔ አቮካዶ ይበላል፣ ሰሜኔ አተር ይበላል የሚለውን ሥዕል ስለሚመግብ።

ገንፎው ተመልሶ መጣ

አሁን ወደማያስቀው ክፍል። በ1986 አዲስ የተሾሙት ምክትል የጤና ሚኒስትር ኤድዊና ከሪ ኒውካስል ሄደው፣ የሰሜኑ ሕዝብ ጤና የተጓደለው በከፊል ባለማወቅና በአመጋገቡ ምክንያት ነው ሲሉ ተናገሩ። በዚያ ጊዜ በሰሜን የመርከብ መሥሪያዎችና የከሰል ማዕድናት እየተዘጉ፣ ሥራ አጥነት ጣሪያ ነክቶ ነበር።

በዲሴምበር 2014 ስለ ረሃብ የተዘጋጀ የፓርላማ አባላት ሪፖርት ይፋ ሲሆን የሎርዶች ምክር ቤት አባል አን ጄንኪን ድሆች ምግብ ማብሰል አያውቁም አሉ። ማስረጃቸውን አቀረቡ፦ ዛሬ ጠዋት አንድ ትልቅ ሳህን የአጃ ገንፎ በልቻለሁ፣ ያስወጣኝ 4 ፔንስ ነው። በኋላ ይቅርታ ጠየቁ። ይሁንና ከላምቤዝ እናቶች መልስ 101 ዓመት በኋላ ያው ገንፎ፣ ያው ስሌት፣ ያው ስህተት ተመለሰ። አጃው ተቆጠረ፤ ጋዙ፣ ድስቱና ጊዜው አልተቆጠረም።

በሜይ 2022 የአሽፊልድ የፓርላማ አባል ሊ አንደርሰን፣ ሰዎች በትክክል ማብሰልና በጀት ማውጣት ቢችሉ አንድን ምግብ በ30 ፔንስ ገደማ መሥራት ይቻላል አሉ። አንደርሰን የሀብታም ልጅ አይደሉም፤ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ነበሩ። ይህ ሥዕሉ የኢተን ተማሪዎች ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። ድህነትን ያመለጠ ሰውም አንዳንዴ የራሱን ዘመን ዋጋ ይዞ ይወጣና የዛሬውን ድሃ በትናንቱ ሚዛን ይመዝነዋል። በማርች 2023 የምግብ ዋጋ ካለፈው ዓመት ከ19 ከመቶ በላይ ጨምሮ ነበር።

ትራስል የተባለው ድርጅት ለቸገረው ሰው የምግብ እሽግ በነፃ የሚያድሉ ማዕከላትን በሀገሪቱ ያስተባብራል። በ2010–11 ያደለው እሽግ ወደ 61 ሺህ ነበር። በ2023–24 ከ3 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በ13 ዓመት ውስጥ ሦስት ሚሊዮን ያህል ጊዜ ሰው ማብሰል ረሳ ካልተባለ በስተቀር ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ይላል።

ሥዕሉና ሀገሩ

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሀገሩ ሥዕሉን ጥሎት ሄዷል። የእንግሊዝ የጤና ጥናቶች በተደጋጋሚ እንደሚያሳዩት ከመጠን በላይ አዘውትሮ መጠጣት በከፍተኛ ገቢ ባለቤቶች ዘንድ ይበዛል፤ ጨርሶ የማይጠጣ ሰው ደግሞ በድሆች ዘንድ ይበዛል። ይሁንና መጠጥ የሚያመጣው በሽታና ሞት ድሃውን ይበልጥ ይመታል፤ የተጎሳቆለ ሰውነት ያንኑ መጠን አይችለውምና። ፐብ ይዞ «የሠራተኛው ቤት» ማለትም እያከተመለት ነው። በ2000 ወደ 60 ሺህ ይጠጉ የነበሩት መጠጥ ቤቶች በ2023 ወደ 45 ሺህ ወርደዋል። በ2001 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮቢን ኩክ ቺክን ቲካ ማሳላ እውነተኛ የብሪታንያ ብሔራዊ ምግብ ነው ብለው ነበር፤ ያን ምግብ ለሀገሩ ያለማመዱት በአብዛኛው ከባንግላዴሽ ሲልሄት የመጡ ስደተኞች ናቸው። የድሃ ሱቅ ይባል የነበረው የጀርመኑ አልዲ በ2022 ከሀገሪቱ ሱፐርማርኬቶች አራተኛው ሆነ፤ ሐኪሙም ጽዳት ሠራተኛዋም አንድ ወረፋ ይቆማሉ።

ይህ ማለት መንግሥት በሰው ምግብና መጠጥ ጉዳይ እጁን አያስገባ ማለት አይደለም። ራሳቸው ኦስቦርን በ2016 ያወጁት የለስላሳ መጠጦች የስኳር ታክስ በ2018 ሥራ ላይ ሲውል ብዙ ፋብሪካዎች ታክሱን ላለመክፈል ስኳሩን ቀነሱ። ማንም እናት አልተሰበከችም፤ የጠርሙሱ ይዘት ተለወጠ። ስኮትላንድም በ2018 የአልኮል ዝቅተኛ ዋጋ ደነገገች፤ የስኮትላንድ የሕዝብ ጤና ተቋም በ2023 ባወጣው ግምገማ እርምጃው ከአልኮል ጋር የተያያዘ ሞትን በ13 ከመቶ ገደማ እንደቀነሰ ገምቷል። በ2020 ደግሞ በልጅነቱ የነፃ ምሳ ተጠቃሚ የነበረው እግር ኳስ ተጫዋች ማርከስ ራሽፎርድ አንድ ደብዳቤ ጽፎ፣ መንግሥት ለድሃ ልጆች በክረምት እረፍት ምግብ እንዲያቀርብ አስገደደ። የራሽፎርድ ደብዳቤ ስለ ገንፎ አላወራም። እናቱ ሙሉ ጊዜ እየሠራች ገንዘቡ አልበቃም አለ፤ አለቀ።

«የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» ይባላል። የብሪታንያው ታሪክ ለዚህ ተረት አንድ ነገር ይጨምርበታል። የጠገበው የተራበ እንዳለ ያውቃል፤ ለምን እንደተራበም የሚያውቅ ይመስለዋል። ሻይ ስለጠጣ ነው፤ ቢራ ስለጠጣ ነው፤ ገንፎ ስላላበሰለ ነው። ምክንያቱ በየዘመኑ ይለዋወጣል፤ ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ በድሃው ድስት ውስጥ ይገኛል።

ስለዚህ ለፖለቲከኛ የሚቀርበው ትክክለኛ ጥያቄ ፓስቲ መቼ በላህ የሚለው አይደለም። የፈለገውን ይብላ። ከቤት ኪራይ በኋላ ለአንድ ቤተሰብ በሳምንት ስንት ይቀራል? ጋዙ ስንት ነው? ወተቱስ? የላምቤዝ እናቶች ይህን በ1913 ሳንቲም በሳንቲም መዝግበው አስረክበዋል። መዝገቡ አለ፤ የቀረው ማንበብ ነው።